ከታች የሚያግዘው ሰው

ስሙን ከሚስቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ሌላው ሁሉ ክሬን ይለዋል። ይህ ስም የወጣለት የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ በቤት ዕቃ መደብሩ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ነው። አራት ሰው ተሰብስቦ የሚመካከርበትን ቁም ሳጥን ብቻውን ከመኪና አውርዶ መጋዘን ውስጥ አቆመው። ስሙን ያወጣለት የሥራ ጓደኛው ነው። ጓደኛው ራሱ ሬዲዮ ይባላል፤ አፉ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ የእሱም ስም የሚገባው ነው። አሁን ክሬኑ ተሰብሯል። ጫማውን የምታስርለት ሚስቱ ናት። ከወንበር ሲነሳ መጀመሪያ ጠረጴዛውን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ፈጣሪን ይይዛል።

የወገቡ ነገር እንዲገባን መጀመሪያ የሥራውን ጠባይ ማወቅ አለብን። ሁለት ሰው ፍሪጅ ይዞ ደረጃ ሲወጣ ሸክሙ እኩል አይደለም። ከላይ ያለው ወደ ኋላ እየተራመደ “ወደ ግራ፣ ቀስ፣ ሁለት ደረጃ ቀረ” እያለ መንገድ ያሳያል። እሱ መሪ ይባላል። ከታች ያለው ዕቃውን በደረቱና በትከሻው ደግፎ ይገፋል። እሱ አጋዥ ይባላል። ክብደቱ ወደ ታች ስለሚያጋድል ዋናውን ሸክም የሚችለው አጋዡ ነው። ይህን ስም ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ መቼም ከታች ሆኖ የሚያውቅ ሰው አይደለም። በዚያ መደብር “ዛሬ ማን ያግዛል?” ማለት “ዛሬ የማን ወገብ ይቆረጣል?” ማለት ነበር። መልሱ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ነው። ሬዲዮ አፍ ስላለው ይመራል፣ ክሬን ጉልበት ስላለው ያግዛል።

የመደብሩን ባለቤት ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ክሬን ገና ድሮ ከስሷቸው በተገላገለ ነበር። የሠራተኛ ልጅ ሲታመም መኪናቸውን የሚሰጡ፣ ምሳ ሳይበላ የዋለ ሰው ካዩ የሚቆጡ ሰው ናቸው። ደንበኛ ፊት ቆመው “እኔ ሠራተኛ የለኝም፣ ልጆች ነው ያሉኝ” ማለት ይወዳሉ። ልጆቹም ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። አንዴ አንድ አዲስ የተቀጠረ ሰው የሥራ ውል ቢጠይቃቸው “አባትና ልጅ ይፈራረማል እንዴ?” ብለው ሳቁ፣ ሌሎቹም አብረው ሳቁ፣ ጠያቂው አፈረ። ክሬንም ከሳቁት አንዱ ነበር። ያችን ሳቅ ኋላ ብዙ ጊዜ አስቧታል።

የኢንሹራንስ ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር። ጋሼ ለመኪናው ገቡ፣ ለዕቃውም ገቡ። ለሰዎቹ ሲባሉ ግን “ሃያ ዓመት ስሠራ የተሰበረብኝ መስታወት ብቻ ነው” ብለው ሸኟቸው። እንግዲህ በዚያ መደብር ፍሪጁ ኢንሹራንስ ነበረው፣ ፍሪጁን የሚሸከመው አልነበረውም።

አደጋው የደረሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖር ደንበኛ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ሲያደርሱ ነው። ሊፍቱ ላይ “ተበላሽቷል” የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ ከመቆየቱ የተነሳ ቢጫ ሆኗል። ደንበኛዋ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ግድግዳው እንዳይጫር ታሳስባለች። ሬዲዮ ከላይ ሆኖ እየመራ፣ በዚያውም ስለ አክስቱ ልጅ የፍቺ ጉዳይ ይተርካል። ሦስተኛውን ፎቅ አልፈው አምስት ደረጃ ያህል እንደወጡ ደረጃው ላይ ውሃ ፈስሶ ኖሮ የሬዲዮ ተረከዝ ሸርተት አለ። ያን ጊዜ ፍሪጁ ቁልቁል መጣ። ክሬን ወደ ጎን ዘሎ መልቀቅ ይችል ነበር። ከኋላው ግን ሴትዮዋ አለች። ያዘው። ወገቡ ውስጥ እንደ ደረቅ እንጨት የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማው፤ ቢሆንም ሬዲዮ ተነስቶ ጫፉን እስኪይዝ ድረስ አልለቀቀም። የፍሪጁ አንድ በር ብቻ ተሰረጎደ።

ሐኪሙ የወገቡን ፎቶ በመብራት እያየ ዲስኩ ወጥቶ ወደ ግራ እግር የሚሄደውን ነርቭ እንደተጫነው ነገረው። ከዚያ የክሬንን ካልሲ አውልቆ ጣቶቹን በመርፌ ጫፍ እየነካ “ይሰማሃል?” አለው። ይሰማዋል፣ ግን ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው ነው። ሐኪሙ ወሬ አላበዛም። ኦፕሬሽኑ ቶሎ ከተሠራ እግሩ ይድናል፣ ከዘገየ ነርቩ ይሞታል፣ የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም። ወጪውን የአሠሪው ኢንሹራንስ ስለሚሸፍነው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይዞ ይምጣ። ሐኪሙ ይህን ሲናገር ቀላል ነገር የጠየቀ መስሎታል።

ጋሼ እስከዚያ ቀን ድረስ ምን ያልሆኑለት ነገር አለ? በራሳቸው መኪና ሐኪም ቤት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ጠንካራ ፍራሽ ልከዋል፣ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው አልቅሰዋል። ደብዳቤ ሲባሉ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ኢንሹራንሱን እንዳልገቡ በሹክሹክታ ነገሩት። ሠራተኛቸው መሆኑ ቢታወቅ ቅጣቱ መደብሩን እንደሚያዘጋው፣ መደብሩ ከተዘጋ ደግሞ የስንት ሰው እንጀራ እንደሚቀር አስረዱት። “እባክህ ልጄ፣ ትንሽ ታገሰኝ” አሉት። ክሬንም ሆዱ ባባና ታገሳቸው። ሦስት ሳምንት ታገሰ።

ሚስቱ ቤት ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ቁጣዋን በስፌት መኪናው ፔዳል የምታወጣ ሴት ናት። እነዚያን ሦስት ሳምንታት መኪናው እንዴት እንደጮኸ ጎረቤት ይመስክር። አንድ ቀን በመደብሩ በኩል ስታልፍ ያን ፍሪጅ ወይም መንትያውን “ለአራተኛ ፎቋ ደንበኛ ነው” እያሉ መኪና ላይ ሲጭኑ አየች። ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ከፊቱ ቆመች።

“ፍሪጁ በአዲስ ተተክቷል” አለችው። “አንተን ማን ይተካሃል?”

በማግስቱ ወደ ነጻ የሕግ አገልግሎት ቢሮ ወሰደችው። ቢሮው ሦስት ወንበርና እስከ ጣሪያ የተከመረ ፋይል ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ጠበቃዋ የልጅ ፊት ያላት፣ ንግግሯ ግን የተመጠነ ወጣት ናት። ክሬን ቁጭ ማለት ስላልቻለ ግድግዳ ተደግፎ ተረከላት። ሁሉንም ጽፋ ስታበቃ ቀና ብላ “መጀመሪያ ማስረዳት ያለብን ወገብዎ መጎዳቱን አይደለም፤ ሠራተኛ እንደነበሩ ነው” አለችው። ክሬን ሳቀ፤ ሲስቅ ወገቡ ስለሚወጋው ሳቁን ከመሃል ቆረጠው። ዘጠኝ ዓመት የተሸከመ ሰው መሸከሙን ያስረዳ? ውል የለ፣ የሥራ መታወቂያ የለ፣ ደመወዙ ከእጅ ወደ እጅ። የመደብሩ ስም የታተመበት ካናቴራ ነበረው፤ ጋሼ ያንን ካናቴራ ለደንበኛም ያድሉታል።

ክሱ ቀረበ፤ የጋሼም መልስ በጽሑፍ መጣ። ጠበቃቸው ዓይኑን በጨው አጥቦ የጻፈው ነው። ከሳሽ የተከሳሽ ሠራተኛ ሆኖ አያውቅም፤ አልፎ አልፎ በራሱ ፈቃድ እየመጣ ዕቃ ያግዝ የነበረ የሰፈር ሰው ነው፤ ለዚህም ለሻይ እየተባለ ይሰጠው ነበር ይላል። ጠበቃዋ ወረቀቱን ስታነብለት ክሬንን ሌላው ሁሉ አልነካውም። “የሰፈር ሰው” የሚለው ግን ገደለው። ለመሆኑ ጋሼ ይህን ከመላካቸው በፊት አንብበውታል? ይህን ጥያቄ ለሚስቱም፣ ለጠበቃዋም፣ ለጣሪያውም ጠይቋል።

ከዚያ ቀጠሮ መጣ። ፍርድ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ አሳምሮ የሚያውቀው ሥራ ቀጠሮ መስጠት ነው። አንዱ ቀጠሮ ዳኛው ስለተዛወሩ፣ አንዱ ፋይሉ ስለጠፋ፣ አንዱ የጋሼ ጠበቃ ጉንፋን ስለያዘው ተላለፈ። አግዳሚው ወንበር ጀርባ የለውም። ክሬን ሲቆም ዘበኛው ቁጭ በል ይለዋል፣ ቁጭ ሲል ዳኛ ይገባና ሁሉም ይነሳል፤ እሱ ተነስቶ ሲጨርስ ሌላው ተቀምጧል። ሚስቱ የሚሰፋውን ልብስ ይዛ ትመጣና ኮሪደር ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ጉዳያቸው እስኪጠራ ድረስ አንድ ክፍል ተማሪ ታለብስ ነበር።

እግሩ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በሦስተኛው ወር ጣቶቹ ሙቅና ቀዝቃዛ መለየት ተዉ። በሰባተኛው ወር አንድ ቀን ከፍርድ ቤት ሲመለስ በራፍ ላይ ሚስቱ ቁልቁል አየችና “አንደኛው ጫማህስ?” አለችው። ከግራ እግሩ መቼ እንደወለቀ አላወቀም። ስንት መንገድ በባዶ እግሩ እንደመጣም አላወቀም። ሚስቱ ጫማውን ፍለጋ ወጣች።

በዘጠነኛው ወር ቃሉን እንዲሰጥ ተጠራ። ጠበቃዋ በደንብ አስጠንታው ነበር። በስንት ሰዓት ገብቶ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያዘው፣ ሲቀር ማን እንደሚቆጣው ሁሉንም ሳይደነቃቀፍ ተናገረ። አዲሷ ዳኛ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሲጽፉ ቆዩ። ቀጥሎ የጋሼ ጠበቃ ተነሳ። ክሬን የሚጮህበት መስሎት ነበር፤ ሰውየው ግን እንደ ዘመድ ለስለስ ብሎ ነው የጠየቀው።

“ፍሪጁ ሲንሸራተት እርስዎ ምን እያደረጉ ነበር?”

“እያገዝኩ ነበር” አለ ክሬን።

“እያገዙ?”

“አዎ። እኔ ሁልጊዜ አጋዥ ነኝ።”

ጠበቃው ጥያቄ የለኝም ብሎ ተቀመጠ። የክሬን ጠበቃ ዓይኗን ጨፈነች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ክሬን አፉ ማምለጡን ያወቀው የሷን ፊት አይቶ ነው። ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ዳኛዋ ለተጠየቀው ብቻ እንዲመልስ አዘዙት። ቃሉ ተጻፈ፤ ከሳሽ ያግዝ እንደነበረ በራሱ አንደበት አረጋግጧል።

ኮሪደር ላይ ጠበቃዋ ለምን እንዲያ እንዳለ ጠየቀችው። እሱም አጋዥ ማለት ምን እንደሆነ ነገራት፤ ከታች የሚይዘው፣ ክብደቱ የሚያርፍበት፣ ሥራው ማለት ራሱ። ፋይሏን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማችው።

“ይህን ለምን ከመጀመሪያው አልነገሩኝም?”

“የማያውቅ ሰው አለ ብዬ መች አሰብኩ፣ እህቴ።”

እውነቱን ነው። ዘጠኝ ዓመት ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው ቃል ከበሩ ውጭ ሌላ ትርጉም እንዳለው ዘንግቶታል።

ዘጠኝ ዓመት አብሮት ተሸክሞ ይህን ሊያስረዳለት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሬዲዮ። ክሬን በዱላ እየተደገፈ ቤቱ ድረስ ሄደ። ሬዲዮ በሩን ከፍቶ ሲያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አጠረው። ልጆች እንዳሉት፣ ቤት ኪራይ እንዳለበት፣ ጋሼ አስጠርተው እንዳነጋገሩት በአጭሩ ነገረው። ቀጥሎ መሬት መሬት እያየ ለእሳቸው ሊመሰክር ቃል እንደገባ ተናዘዘ። ክሬን አልተሳደበም። እሱም በቦታው ቢሆን ምን እንደሚያደርግ እርግጠኛ አልነበረም። ለሚስቱ ግን ይህን አልነገራትም፤ ብቻ አላገኘሁትም አላት።

ሁለት ወር ቆይቶ ሬዲዮ የተከሳሽ ምስክር ሆኖ ቀረበ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ጋሼ ከፊት ወንበር ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ ከክሬን ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገናኘት መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ሬዲዮ ያጠናውን አንድም ሳያዛንፍ አወረደው። ክሬንን ያውቀዋል፣ ጥሩ ሰው ነው፣ መደብሩ እየመጣ ያግዝ ነበር። የጋሼ ጠበቃ አመስግኖ ተቀመጠ። የክሬን ጠበቃ ከመቀመጫዋ ስትነሳ አንድ ጥያቄ ብቻ አላት።

“እሱ አጋዥ ከነበረ እርስዎስ ምን ነበሩ?”

“እኔማ መሪ ነኝ” አለ ሬዲዮ፣ ክብሩ የተነካ ሰው መስሎ። ሬዲዮ ደግሞ አንዴ ከተከፈተ ማጥፊያው የት እንዳለ ባለቤቱም አያውቀው። መሪ ከላይ እንደሚይዝ፣ አጋዥ ከታች እንደሚሸከም፣ ቁም ሳጥን ከሆነ በጎን እንደሚያዝ፣ ደረጃው ጠመዝማዛ ከሆነ አጋዡ በጉልበቱ እንደሚደግፍ በእጁ እያሳየ ተነተነ። ችሎቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሳቅ ሳቅ አላቸው። ዳኛዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በዓይናቸው አደረጉ።

“ማን ነው መሪና አጋዥ ብሎ የሚመድባችሁ?” ብለው ጠየቁት።

“ጋሼ ናቸዋ። ጠዋት ጠዋት መኪናው ከመጫኑ በፊት።”

“ከሳሽን ስንት ጊዜ አጋዥ አድርገው መደቡት?”

ሬዲዮ ሊቆጥር ጣቶቹን አነሳ፣ ከዚያ እጁን አወረደው። “ዘጠኝ ዓመት ሙሉ” አለ። “እሱ እያለ ማን ከታች ይገባል ብለው ነው፣ ክብርት ዳኛ?”

ጋሼ ከመስኮቱ ዓይናቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ ጣሉት። ሬዲዮ ከመመስከሪያው ሲወርድ ሰውን ሁሉ እያየ መጥቶ ክሬን ጋ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አስቦበት ይሁን አምልጦት እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሥራውን በሳምንቱ ለቀቀ። ክሬን ደውሎ ሲያመሰግነው “እኔ ምን አልኩና? ሥራውን ነው ያስረዳሁት” አለው፤ ከዚያም ስለ አዲሱ ጎረቤቱ ግማሽ ሰዓት አወራ።

ፍርዱ የተነበበው በአሥራ አራተኛው ወር ነው። ከሳሽ የተከሳሽ ሠራተኛ ነበር፤ ጉዳቱም በሥራ ላይ የደረሰ ነው፤ ኢንሹራንስ ስለሌለ ሕክምናውንና ካሣውን ተከሳሽ ከራሳቸው ይክፈሉ። ጠበቃዋ እጁን ይዛ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ኮሪደሩ ላይ ጋሼ አጠገቡ መጥተው ቆሙ። “ልጄ” ሊሉ ጀምረው ተዉትና ስሙን ጠሩት፣ የመታወቂያውን ስም። እንደሚያውቁት እንኳ አያውቅም ነበር። መኪናውን እየሸጡ እንደሆነና በሳምንቱ ለሐኪም ቤቱ የሚሆነውን የክፍያ ደብዳቤ እንደሚልኩለት ነገሩት። ላኩም። ክሬን ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ የተሰማው ግን ድካም ብቻ ነው፣ ቀን ሙሉ ተሸክሞ አመሻሽ ላይ ዕቃውን ሲያወርድ የሚሰማው ዓይነት።

ደብዳቤውን ይዞ ወደዚያው ሐኪም ገባ። ሐኪሙ አዲሱን ፎቶ ከአሮጌው ጎን ሰቅሎ ረጅም ጊዜ አየ። ካልሲውን አወለቀለትና መርፌውን አነሳ። ክሬን የሐኪሙን እጅ ያያል፣ መርፌው ቆዳውን ሲነካ ያያል፣ ትንሽ ደም ጠብ ስትል ያያል። ሐኪሙ “ይሰማሃል?” አላለውም። መርፌውን አስቀምጦ ኦፕሬሽኑ የወገቡን ሕመም እንደሚያስታግስለት፣ መቀመጥና መተኛት እንደሚያስችለው ነገረው። ስለ እግሩ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ሚስቱ ኮሪደር ላይ ሰማያዊ የልጅ ሸሚዝ ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀው ነበር። ሲወጣ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቦታ ለቀቀችለት። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሐኪሙ ምን እንዳለው ጠየቀችው።

“ወገቤን ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሠሩታል” አላት። “እግሬ ግን አይመለስም። ዘገየን።”

ሚስቱ ካልሲውን ከእጁ ተቀበለችው። ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ ካልሲውን ለግራ እግሩ አለበሰችው፤ ሲለብስ አልተሰማውም። ጫማውንም አጥልቃ፣ እንዳይወልቅ ክሩን ሁለት ጊዜ አጥብቃ አሰረችው። ቀና ብላ አየችው።

“ዘገየን አትበል” አለችው። “አዘገዩን በል።”